ዐረብኛ ለጓዳ፣ እንግሊዝኛ ለደጅ፦ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሚሄዱ ሠራተኞች የቋንቋ ሥልጠና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለውጭ አገር ሥራ የሚሰጠው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ዐረብኛን ከእንግሊዝኛ ጋር አጣምሮ እንዲያስተምር ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

እኔ በዱባይ ዐሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በሰው ቤት፣ የቀሩትን ስምንት ዓመታት ደግሞ በአንድ የጤና ማዕከል የእንግዳ መቀበያ ክፍል የሠራሁ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከአገራችን የሚመጡ እኅቶች ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሥራው ክብደት ይልቅ በቋንቋ ሲጎዱ በሁለቱም ቦታ አይቻለሁ። በቋንቋ ስል ዐረብኛ አለማወቃቸውን ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ለዓመታት የተማሩትን ጥቂት እንግሊዝኛ የማይጠቅም መስሏቸው ጥለውት መምጣታቸውንም ጭምር ነው። የምጠይቃችሁ ነገር ይህን የሚመለከት ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፣ አዲስ አዋጅም አያስፈልገውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሃያ ሁለት ወይም የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወደምሠራበት ማዕከል መጣች። የፈላ ዘይት ፈንጥቆባት ነበር። ማዳሟ ከበር አድርሳት ተመልሳለች። ቁስሏን ያጠበችላት ነርስ ከሕንድ ኬረላ የመጣች ናት፤ ዐረብኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ልጅቱ በሰባት ወር የቃረመችውን የጓዳ ዐረብኛ እየደረደረች «ዋጃዕ፣ ዋጃዕ፣ ማፊ ኖም»፣ ማለትም «ሕመም፣ ሕመም፣ እንቅልፍ የለም» ትላለች፤ ነርሷ ደግሞ በእንግሊዝኛ የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ እያለች ትጠይቃታለች። ልጅቱ ለሦስቱም ጥያቄ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ነርሷም ብዕሯን አስቀመጠች።

ጠረጴዛዬን ትቼ ሄድኩና በአማርኛ ስጠይቃት ነፍሰ ጡርም አይደለችም፣ ሌላ መድኃኒትም አትወስድም፤ ፔኒሲሊን ግን ልጅ ሳለች ፊቷን አሳብጧት ያውቃል። ይህ ከተጻፈላት በኋላ፣ እጇ እየታሸገ ሳለ፣ እንግሊዝኛ ተምራ አታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ‹ሜዲሲን› መድኃኒት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ሥልጠናው ላይ የምትሄዱት ዐረብ አገር ነው፣ እንግሊዝኛውን እርሱት ስላሉን ጆሮዬን ዘግቼበት ነበር» አለችኝ። ይህን አባባሏን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ያን ቀን የጎደላት ዕውቀት ሳይሆን፣ ያላትን ዕውቀት እንድትጠቀምበት የነገራት ሰው ነበር።

ያ አሠልጣኝ ክፋት ነበረው ብዬ አላስብም። ካርታውን አይቶ ነው የተናገረው፤ ካርታው ላይ የተጻፈው ግን የአገሩ ስም እንጂ የነዋሪው ቋንቋ አይደለም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ1971 እ.ኤ.አ. ስትመሠረት ሕገ መንግሥቷ በ7ኛው አንቀጽ ዐረብኛን የኅብረቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጓል፤ ሕግ የሚወጣውም የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚፈርደውም በዐረብኛ ነው። ይሁንና ከዐሥር ነዋሪ ዘጠኙ ገደማ የውጭ ዜጋ በሆነበት በዚህ አገር፣ ሕንዳዊው ከፊሊፒናዊቷ፣ ፓኪስታናዊው ከኬንያዊው፣ ብዙ ጊዜም የአገሩ ተወላጅ ወጣት ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛን በዚህ ቦታ ያስቀመጠው የቆየ ታሪክ ነው። የባሕር ዳርቻው ሸኾች ከ1820 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብሪታኒያ ጋር ውል እየተፈራረሙ እስከ 1971 ድረስ በእርሷ ጥበቃ ሥር ቆይተዋል፤ ንግዳቸው ከሕንድ ጋር የተሳሰረ ስለነበር እስከ 1966 ድረስ ይገበያዩ የነበረው በሩፒ ነው፤ በ1962 ከአቡ ዳቢ፣ በ1969 ደግሞ ከዱባይ ነዳጅ ወደ ውጭ መጫን ሲጀምር ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ መግባቢያ ፈለገ፤ ያገኘውም ቀድሞ በወደቡና በባንኩ የነበረውን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ እዚያ አገር የገባው በአዋጅ ሳይሆን በገበያ በኩል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ይህ በአንዲት የቤት ሠራተኛ ቀን ውስጥ ምን እንደሚመስል ልግለጽላችሁ። ጠዋት ስትነሣ ሴት አያቲቱ በዐረብኛ ያዝዟታል፤ ቡናውን፣ አልጋውን፣ ጸሎት የሚሰገድበትን ምንጣፍ የምትሰማው በዐረብኛ ነው። ልጆቹ ግን የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ስለሆነ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከእርሷም ጋር በዚያው ያወራሉ። እቃ የሚያደርሰው የሱቅ ልጅ ከኬረላ ወይም ከባንግላዴሽ ነው። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። የወለል መወልወያው ጠርሙስ በአንድ ጎኑ ዐረብኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ አለው፤ ከክሎሪን ጋር እንዳይቀላቀል የሚያስጠነቅቀውን መስመር ማንበብ ትንፋሽን ማዳን ነው። ገንዘብ ወደ ቤተሰቧ የምትልክበት ቢሮ ፎርሙን በሁለቱም ያቀርባል፣ ሰውዬው የሚያነጋግራት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሜትሮ ብትሳፈር ጣቢያው የሚነገራት መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ነው። ዐረብኛ ብቻ የያዘች ልጅ ቤት ውስጥ ደህና ትሆናለች፤ ከበሩ ስትወጣ ትጠፋለች። እንግሊዝኛ ብቻ የያዘችም እንዲሁ ከአያቲቱ ፊት ዲዳ ሆና ትቆማለች። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚያ አገር ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞሉ ናቸውና፣ ሥልጠናችንም አንዱን መርጦ ሌላውን መተው የለበትም።

ስለ ዐረብኛውም የምለው አለኝ፤ እርሱም በአግባቡ እየተሰጠ ነው ለማለት ያስቸግረኛል። ከብዙ ልጆች እጅ ያየኋቸው የሥልጠና ወረቀቶች በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው ያለባቸው። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ለሚለው «ማዛ ቱሪዲን» ብለው ያስተምራሉ። ይህ ትክክለኛ ዐረብኛ ነው፤ ዜና አንባቢ ይለዋል። የባሕረ ሰላጤው ማዳም ግን «ሽ-ተቢን?» ነው የምትለው። «እንዴት ነሽ?» ስትል «ሽሎኒች»፣ «አንሺ» ስትል «ሺሊ»፣ «አምጪ» ስትል «ጂቢ»፣ «ሥሪ» ስትል «ሰዊ»፣ መስኮቱን «ደሪሻ» ትላለች። ከዚህ በተጨማሪ ሕንዱም፣ ፓኪስታኑም፣ ሐበሻውም ለዐሥርት ዓመታት ሲቀባበለው የኖረ፣ ወንድና ሴት፣ ትላንትና ነገ የማይለይ፣ በ«ፊ» (አለ) እና በ«ማፊ» (የለም) ብቻ የሚቆም የሠራተኛ ዐረብኛ አለ፤ «አና ማፊ መዕሉም» ብላ የምትመልስ ልጅ «አላውቅም» ማለቷ እንደሆነ በዚያ አገር የማይረዳ የለም። ይህን የተሰባበረ ዐረብኛ እንደ ነውር የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ሰው ለሰው ሊግባባ ሲል የሠራው ድልድይ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል፣ ሊጻፍና ሊጠናም ይገባዋል እላለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እርሱም ቁጥር ነው። አማርኛና ዐረብኛ የሴም ቋንቋዎች በመሆናቸው ቤቱ «በይት»፣ ራሱ «ራስ»፣ ዓይኑ «ዐይን»፣ ደሙ «ደም»፣ ነፍሱ «ነፍስ» ሆኖ ሲገኝ ደስ ይላል፤ ለተማሪም ትልቅ እርዳታ ነው። በቁጥር ላይ ግን ይኸው ዝምድና ወጥመድ ይሆናል። በዐረብኛ «ሠላሣ» ሦስት ነው፤ «አርበዓ» አራት ነው፤ «ኸምሳ» አምስት ነው፤ «ሰብዓ» ሰባት ነው፤ «ሰማንያ» ስምንት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እነዚህን ሲሰማ ሠላሳ፣ አርባ፣ አምሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ ብሎ ይይዛቸዋል። እያንዳንዱ ቁጥር በዐሥር ተባዝቶ ይገባል ማለት ነው። ግዕዝ የተማረችም ብትሆን አትድንም፤ «ኀምሳ» በግዕዝም አምሳ ነው። የዐረብኛው ዐሥር ደግሞ «ዐሸራ» ስለሆነ ከግዕዙ «ዕሥራ»፣ ማለትም ከሃያ ጋር ይማታባታል።

በሰው ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ጎረቤታችን የነበረች የአርሲ ልጅ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት የደረሰባትን ላንሣ። ማዳሟ ኬኩን ምድጃ ውስጥ ከታ፣ «ኸምሳ ደጊጋ» ብላት ወጣች። አምስት ደቂቃ ማለቷ ነበር፤ ከላይ እንዲቀላ ብቻ ነው። ልጅቱ ኦሮምኛም አማርኛም ትናገራለች፤ የሰማችው ግን በአማርኛው ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ፣ አምሳ ደቂቃ ቆጥራ፣ በቀጠሮዋ ልትከፍት ስትሄድ ቤቱ በጢስ ተሞልቷል። ማንም አልተጎዳም። ማዳሟ ግን ይህች ልጅ ወይ ደንቆሮ ናት ወይ ሆን ብላ ነው ብላ በዚያው ሳምንት ወደ መክተብ፣ ማለትም ሠራተኛ ወደሚያስቀጥረው ኤጀንሲ ቢሮ፣ መለሰቻት፤ እንደገና ሌላ ቤት እስክታገኝ ከስድስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጣ አንድ ወር ያለ ደመወዝ አለፋት። የነገሩን ምክንያት እኔና እርሷ ያገኘነው ከዓመት በኋላ፣ ስለ ቁጥር ስናወራ በድንገት ነው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ያ የኬክ ምድጃ ባይሆንና ለሕፃን የሚሰጥ የመድኃኒት ጠብታ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴን ያሳቅቀኛል።

በጽሑፍም ቢሆን ችግሩ አይቀልም። ዐረቦች በራሳቸው አኃዝ ሲጽፉ አምስት ክብ ሆና እኛ ዜሮ የምንለውን ትመስላለች፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት፤ ስድስታቸውም ለእኛ ዓይን ሰባት ነው። በዚህ ጊዜ የሚያድነው እንግሊዝኛው ወገን ነው፤ የመድኃኒቱ ካርቶን በሁለቱም ቋንቋ የታተመ ስለሆነ፣ ገልብጣ ብታየው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቀውን 5 ታገኘዋለች። ስትጠራጠር በጣቷ አሳይታ «ፋይቭ?» ብላ ብትጠይቅ ማዳሟ ትረዳታለች። በሥልጠናው ላይ ይህን አንድ ልማድ፣ ማለትም የዐረብኛ ቁጥር በሰማሽ ቁጥር በእንግሊዝኛ ደግመሽ አረጋግጪ የሚለውን ብቻ ብታስተምሩልን፣ ስንት ድስት ከመቃጠል፣ ስንት ልጅም ከመክተብ ወለል በዳነ ነበር።

ውልን በሚመለከት ደግሞ እንዲህ ነው። በዚያ አገር በ1980 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ለአርባ ዓመት ያህል የሠራው የሠራተኛ ሕግ፣ ምንም እንኳ የቤት ሠራተኛን ባያቅፍም፣ ውል በዐረብኛ እንዲጻፍ፣ ከዐረብኛው ጎን ሌላ ቋንቋ ካለና ሁለቱ ካልተስማሙ ዐረብኛው እንዲጸና ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ሕጋዊው ቃል ያለው በቀኝ በኩል ባለው የዐረብኛ ዐምድ ነው፤ በግራ በኩል ያለው እንግሊዝኛ ግን ለእኛ ልጅ ያንን ቃል የምታይበት መስኮት ነው። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 10 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት፣ ከዚህም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ቁጥር 9 በሆነ አዲስ ድንጋጌ ተተክቷል። ይህ ሁሉ ለእርሷ የተጻፈ ነው። ሆኖም ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ ፈቃድ፣ የውል ዘመን፣ የሥራ ዓይነት የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ለይታ ማንበብ ካልቻለች፣ የፈረመችው ስንት ድርሃም እንደሆነ የምታውቀው የመጀመሪያው ደመወዝ ሲከፈላት ነው። ቃላቱ ቢቆጠሩ ከሠላሳ አይበልጡም። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ለተማረች ልጅ ሠላሳ ቃል የሁለት ቀን ሥራ ነው። በአገራችን በ923/2008 አዋጅ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅ ለውጭ አገር ሥራ መስፈርት ተደርጎ ነበር፤ ይህን ያህል ትምህርት ከተጠየቀች በኋላ ትምህርቷን በሥልጠናው ላይ አለመጠቀም ምን ይባላል?

በእርግጥ የራሷ ቋንቋ ቢኖርላት ከሁለቱም ይሻል ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ የኤምሬትስ የሠራተኛ ሚኒስቴር ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው የሥራ ቅጥር ሰነድ፣ ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ ሠራተኛው በሚያውቀው ሦስተኛ ቋንቋ እንዲቀርብ ተደርጓል። ያኔ ከተመረጡት መካከል ሂንዲ፣ ኡርዱ፣ ቤንጋሊ፣ ማላያላም፣ ታሚል፣ ኔፓሊና ሲንሃላ ነበሩ፤ አማርኛና ኦሮምኛ አልነበሩበትም። የአቡ ዳቢ የፍትሕ መምሪያም እንዲሁ በ2018 መጨረሻ ላይ የክስ ሰነዶች በዐረብኛና በእንግሊዝኛ እንዲቀርቡ ካደረገ በኋላ፣ በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. በሠራተኛ ጉዳይ ሂንዲን ሦስተኛ ቋንቋ አድርጎ ጨመረ። ዜናውን የሰማሁ ቀን በሥራ ባልደረቦቼ በሕንዶቹ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ አስታውሳለሁ። የሕንዶቹ ቁጥር ከእኛ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ የሚያሳየው በሩ ለሌላ ቋንቋ ዝግ አለመሆኑን ነው። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር ሆናችሁ፣ ከአገሮቹ ጋር በምትፈራረሙት የሁለትዮሽ ስምምነት ላይ የውል ቅጹና የአቤቱታ ቅጹ በአማርኛና በኦሮምኛ እንዲታተም ብትጠይቁ የሚያስነውር ጥያቄ አይደለም። ሁለቱን አብሬ የማነሣው አማርኛ ብቻ ይበቃል ማለት ከብዙዎቹ ልጆቻችን እውነት ጋር ስለማይስማማ ነው፤ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ መጥተው ልባቸውን የሚያወጡት በኦሮምኛ የሆኑትን በየቀኑ አገኛቸው ነበር። ያ እስኪሆን ድረስ ግን በእጃችን ያለው እንግሊዝኛ ነው።

ፊሊፒኖችን እንደ ምሳሌ ማንሣት የተለመደ ነው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር በአንድ ክፍል ስለኖርኩ በአጭሩ አነሣቸዋለሁ። መንግሥታቸው በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛውን ደመወዝ 400 ዶላር አድርጎ ሲወስን፣ ሠራተኛዋ ከመሄዷ በፊት የሙያ ምስክር ወረቀት እንድትይዝና ስለምትሄድበት አገር ቋንቋና ባህል ሥልጠና እንድትወስድ አብሮ አዝዟል። በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት ሁሉ ከቋንቋ የመጣ ነው አልልም፤ ነገር ግን ፊሊፒናዊቷ እንግሊዝኛዋን ከቤቷ ይዛ መጥታ ዐረብኛውን ስትጨምርበት፣ የእኛዋ ግን እንግሊዝኛዋን ቦሌ ጥላ ዐረብኛውን ከባዶ ትጀምራለች። ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ የምታነጋግርላቸው፣ የቤት ሥራቸውን የምታይላቸው ሠራተኛ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በተሻለ ደመወዝ የሚቀጥሩ ናቸው።

«ጊዜው አጭር ነው፣ ሁለት ቋንቋ በጥቂት ሳምንት እንዴት ይቻላል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የምጠይቀው ሁለት ቋንቋ ከባዶ እንዲሰጥ አይደለም። እንግሊዝኛው አለ፤ የሚያስፈልገው ከደብተር ወጥቶ በአፍ እንዲነገር ማድረግ ነው። በዐረብኛውም በኩል የማይጠየቅ ሀብት አለ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከባሌ ከሚመጡት ሙስሊም ልጆች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት ተምረው የዐረብኛውን ፊደል አጥርተው ያነባሉ፤ ትርጉሙን ባያውቁትም ሆሄው አይጠፋቸውም። በሥልጠናው ክፍል ውስጥ ግን ማን ፊደሉን ያነባል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን ወረቀት እኩል ይሸመድዳል። እነዚህ ልጆች ቢለዩና ለጓደኞቻቸው ቢያስነብቡ፣ የበር ላይ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ስም፣ የመንገድ ምልክት ለሁሉም በቀለለ ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ እንግሊዝኛን ማስፋፋት ለዐረብኛ አክብሮት ማጣት ይመስላቸዋል። የአገሩ ሰዎች ለቋንቋቸው እንደሚቆረቆሩ በዐይኔ አይቻለሁ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤታቸው ዐረብኛ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል፣ በ2012ም የዐረብኛ ቋንቋ ቻርተር አውጥተዋል። የልጅ ልጃቸው ዐረብኛውን ሲያሳስት አያቶች ሲያዝኑ ሰምቼ አብሬ አዝኛለሁ፤ የእኛም አገር አያቶች የሚያውቁት ሐዘን ነው። እንግዳ የሆነ ሰው የቤቱን ባለቤት ቋንቋ መማር ግዴታው ነው፤ ከአያቲቱ ጋር በዐረብኛ የምትጨዋወት ልጅ የምታገኘውን ፍቅር በምንም እንግሊዝኛ አታገኘውም። እኔ የመጀመሪያውን ቤት አራት ዓመት የኖርኩበት አሮጊቷ ስለወደዱኝ ነው፤ የወደዱኝም ተረታቸውን በቋንቋቸው ስለሰማሁላቸው ነው። ከዚያ ቤት ወጥቼ ሥራ ያገኘሁት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ ባይኖረኝ ሌላው አይበቃኝም ነበር።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ የሥልጠናውን መጽሐፍ ሲያድስ የዐረብኛውን ክፍል የባሕረ ሰላጤውን አነጋገር በሚያውቁ፣ ከዚያ ኖረው በተመለሱ ሴቶች እንዲያዘጋጅ፣ ለዚህም ክፍያ እንዲመድብላቸው እጠይቃለሁ። ከስደት የተመለሰች ሴት በአገራችን ብዙ ጊዜ የምትቆጠረው እርዳታ እንደሚያስፈልጋት ሰው ብቻ ነው፤ ዕውቀት ይዛ እንደመጣች አስተማሪ የሚያያት የለም። እያንዳንዱ የዐረብኛ ትምህርት ከጎኑ የእንግሊዝኛው ቃል ይኑረው፤ ትምህርቱም በፊደል ተራ ሳይሆን በቦታ ይከፈል፤ ወጥ ቤት፣ የልጆች ክፍል፣ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ገንዘብ መላኪያ፣ አውሮፕላን ማረፊያ እየተባለ፣ በየትኛው ቦታ የትኛው ቋንቋ እንደሚቀድም ይነገራቸው። በድንገተኛ ጊዜ 999 ደውላ ስሟን፣ ያለችበትን ሰፈርና የሆነባትን ነገር በሁለቱም ቋንቋ በሦስት ዐረፍተ ነገር መናገር እስክትችል ድረስ ይለማመዱት። ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ፈተና የልብስ አተኳኮስን እንደሚፈትን ሁሉ ቁጥርንና የውል ንባብን በቃል ይፈትን። የድምፅ ትምህርቱም በቴሌግራምና በኢሞ እንዲደርሳቸው ሆኖ ቢቀረጽ፣ ልጅቱ ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ጋደም ስትል ልትሰማው ትችላለች፤ ከሄደች በኋላ የሚቀራት የመማሪያ ሰዓት ያ ብቻ ነው።

በስምንት ዓመት ውስጥ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ለወገኖቼ ስተረጉም፣ በተደጋጋሚ የሚያሳስቱትን ቃላት በአንድ ደብተር ስጽፍ ኖሬአለሁ። ደብተሩ አራት ዐምድ አለው፤ ዐረብኛው እንደሚነገረው፣ እንግሊዝኛው፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው። የኦሮምኛውን ዐምድ የሞላችልኝ ያች ከምድጃው የተነሣ ወደ መክተብ የተመለሰችው ልጅ ናት፤ የመጀመሪያው ገጽም የቁጥር ገጽ ነው። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ቀን ከቆረጣችሁልኝ ደብተሩን ይዤ መምጣት፣ ከመጽሐፉ አዘጋጆች ጋርም ያለ ክፍያ መሥራት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በዱባይ ለዐሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ኢትዮጵያዊት

ግልባጭ፦
ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለውጭ አገር ሥራ ሥልጠና ለሚሰጡ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች